«ስንት አተረፍሽ?» የአንድ ቀላል ጥያቄ ረጅም ታሪክ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ጎጃም በረንዳ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ በመሃላችሁ ያልፋል። አይሱዙው ወደ ኋላ እየሄደ ጥሩንባውን ይነፋል። ባለሱቁ ገና በሩን ሳይከፍት ደንበኛ ይጠብቀዋል።

በዚህ ግርግር መሃል አንዲት ልጅ እናስብ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከመርካቶ ሹራብ በጅምላ ትገዛለች፣ ቤቷ ገብታ ፎቶ ታነሳለች፣ ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትለጥፋለች። ገዢው በቴሌብር ይከፍላል፤ ሞተረኛ ያደርስለታል። ሱቅ የለ፣ ኪራይ የለ፣ ሠራተኛ የለ። ከትምህርት በተረፈ ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ አክስቷ ቡና እያፈላች ትጠይቃታለች፦ «ለመሆኑ ስንት አተረፍሽ?»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ትደምራለች። «212,500 ብር ገብቷል፣ እትዬ!»

«እሱማ የገባው ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ያተረፍሽውን ነው።»

ዝም። ልጅቷ መልሱን አታውቀውም። ግን አትፍረዱባት። ይህን ጥያቄ ነገሥታት፣ ሚኒስትሮች፣ ገማቾችና ገበሬዎች ሁሉ ሲታገሉበት ኖረዋል። አንዳንዴም ደም አፋስሷል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት፣ ግብር የሚባለው ነገር ትርፍን ጨርሶ ወደማይጠይቅበት ዘመን እንመለስ።

የሚታየውን መቁጠር

ጎጃም በረንዳ የሚለው ስም ከሩቅ የመጣ ጭነትና መንገደኛ ያስታውሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም፣ ከአባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ባሶ የሚባል ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ነጋዴው በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ሲጓዝ መንገዱ ላይ ኬላ ያገኛል። ኬላው ላይ ቀረጥ ይከፍላል።

አሁን ልብ በሉ፤ የኬላው ሹም «ባለፈው ጉዞህ ስንት አተረፍክ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያየው ጭነቱን ነው። አንድ በቅሎ፣ ሁለት በቅሎ፣ ሦስት አህያ። ነጋዴው በዚያ ጉዞ ቢከስርም ቢያተርፍም ቀረጡ ያው ነው። የገበያውንና የቀረጡን ሥራ በበላይነት የሚመራው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር፤ «የነጋዴዎች አለቃ» እንደማለት ነው። ከነጋድራሶቹ አንዱ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ነው። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቷል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ቀረጥ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ቀረጥ በአማርኛ ቁጭ ብሎ ያሰበበት መጽሐፍ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ገበሬውም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የተደነገገው አስራት ከምርቱ አንድ አስረኛውን ይወስዳል። ስንት ምርት እንደተገኘ ደግሞ በአብዛኛው በዓይን ይገመታል። ዘሩ ስንት እንደፈጀ፣ በሬው ሞቶ ስንት እንደተበደረ ማንም አይቀንስለትም። የሚታየው እህል ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1696 በቤት መስኮቶች ቁጥር ግብር ማስከፈል ጀመረች። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ብዙ መስኮት ያለው ሀብታም ነው። ሰዎች ምን አደረጉ? መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ። ግብሩ እስከ 1851 ዘልቋል፤ የተደፈኑት መስኮቶች አንዳንዶቹ ዛሬም ይታያሉ። የሚታይ ነገር ላይ ግብር ስትጥሉ ሰው የሚታየውን ይደብቃል።

የማይታየውን መፈለግ

ትርፍ ግን መስኮት አይደለም፣ በቅሎም አይደለም። ትርፍን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ትርፍ የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው፤ ልዩነት ደግሞ የሚገኘው ወረቀት ላይ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት መካከል የጣሊያን ነጋዴዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1494 ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የነጋዴዎቹን የሒሳብ አያያዝ በዝርዝር አስቀመጠ። የመጀመሪያ ምክሩ ምን መሰላችሁ? ከሁሉ በፊት ያለህን ቁጠር የሚል ነው። እቃህን፣ ገንዘብህን፣ ያበደርከውን፣ ያለብህን ዕዳ። ከዚያ በኋላ ነው የዕለት ማስታወሻው፣ ቀጥሎ ጆርናሉና ሌጀሩ የሚመጣው። እቃ ሳይቆጠር ትርፍ አይታወቅም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሹራብ ሻጯ ጋ ስንመለስ እንፈልጋታለን።

እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1799 ከፈረንሳይ ጋር ለምታደርገው ጦርነት ገንዘብ ሲያጥራት የገቢ ግብርን አመጣች። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ዜጋውን «መስኮትህ ስንት ነው?» ማለቱ ሳይበቃው «ዓመቱን ስንት አገኘህ?» ማለት ጀመረ።

እኛ ጋ ጥያቄው በሕግ መልክ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በወረራው ዘመን ዋናው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረበት ቦታ ወደ ምዕራብ ተወስዶ «መርካቶ» የሚለውን የጣሊያንኛ ስም ያዘ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የግልና የንግድ ግብርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 60 ወጣ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 ተከተለ። አሁን ጭነት ቆጥሮ መሸኘት አይበቃም። የነጋዴውን ትርፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጋዴው ግን የሚጽፍበት ደብተር ከሌለውስ? ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ይገምትለታል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጎጃም፣ 1960

በ1960 ዓ.ም. የገቢ ግብር ወደ እርሻ እንዲገባ የሚያደርግ አዋጅ ቁጥር 255 ታወጀ። የጥንቱ አስራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ የተመሠረተ ግብር ሊተካው ነው። ወረቀት ላይ ስታዩት አዲሱ ግብር የተሻለ ይመስላል፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይክፈል ይላልና።

ጎጃም ውስጥ ግን ነገሩ እንደዚያ አልታየም። የገበሬውን ገቢ ለማወቅ ገማች መላክ ያስፈልጋል። ገማቹ መጥቶ ማሳውን ያያል፣ ምርቱን ይገምታል። ገበሬው ደግሞ «ዛሬ መሬቴን ሊገምት የመጣ ነገ ርስቴን ሊወስድ ነው» ብሎ ሰጋ። በገማቾቹም ላይ እምነት አልነበረውም። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አካባቢዎች ሕዝቡ ተነሳ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ሰው ሞተ። በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ አለ፦ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ።

የታሪክ ተመራማሪዎች ለዚህ አመፅ ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ የመሬት ሥርዓቱ፣ የአስተዳደር በደሉ፣ የቆየው ቅሬታ። ለዛሬው ጥያቄያችን የምንወስደው ግን አንዱን ነው። ሰዎች የፈሩት የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። ሌላ ሰው መጥቶ «አንተ ያገኘኸው ይህን ያህል ነው» ሲላቸው የሚመልሱበት ማስረጃ እጃቸው ላይ አልነበረም።

መርካቶ፣ 2009

ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ እንዝለል። ቦታው ከማሳ ወደ ሱቅ ይቀየራል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ያለው ደረጃ ለ፣ ከ500,000 በታች የሆነው ደረጃ ሐ። ደረጃ ሐ ውስጥ ያሉት ጸጉር አስተካካዩ፣ ጉልት ነጋዴው፣ የሰፈር ሱቁ ናቸው። የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ አይገደዱም። ታዲያ ገቢያቸው እንዴት ይታወቃል? በግምት።

በ2009 ዓ.ም. ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ «የቀን ገቢ» ገመቱ። ውጤቱ ክረምቱ ላይ ሲነገር ቁጣ ሆነ። አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ሱቃቸውን ዘግተው የዋሉ ነበሩ። ብዙዎች ቅሬታ አስገቡ።

ከቁጣው ጀርባ አንዲት ቃል አለች፦ «ገቢ»። አማርኛችን ላይ ይህቺ ቃል ሁለት ቦታ ትቆማለች። አንዴ ወደ መሳቢያው የገባውን ገንዘብ ሁሉ ትላለች፣ ማለትም ሽያጩን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቤቴ የተረፈኝን ትላለች፣ ማለትም ትርፉን። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ራሱ በሕዝብ አፍ «ገቢዎች» ነው የሚባለው! እናም ባለሱቁ «የቀን ገቢህ 1,500 ብር ነው» ሲባል «በቀን 1,500 ብር ታተርፋለህ» የተባለ መሰለው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? እንደ ምሳሌ እናስላው። በቀን 1,500 ብር፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን፣ 450,000 ብር ይመጣል። ይህ ሽያጭ ነው። ከመቶ 10 ያተርፋል ከተባለ ትርፉ 45,000 ብር ነው፤ በወቅቱ በነበረው የግብር ማስከፈያ ልክ 5,370 ብር ይከፍላል። ከመቶ 20 ያተርፋል ከተባለ ትርፉ 90,000 ይሆንና ግብሩ 15,720 ብር ይደርሳል። ግምቱ እጥፍ ሲሆን ግብሩ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ፤ ምክንያቱም ትርፉ ሲጨምር መቶኛውም አብሮ ይጨምራል። ሽያጩ በሙሉ ትርፍ ነው ተብሎ ቢታሰብስ? 139,500 ብር! ባለሱቁ ሌሊት እንቅልፍ የነሳው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሽያጭና ትርፍ ሲደባለቁ የሚፈጠረው ድንጋጤ ይህን ያህል ነው።

ወደ ሹራቦቹ እንመለስ

አሁን የአክስቷን ጥያቄ እንመልስ። የልጅቷ ዓመት እንዲህ ነበር እንበል። 300 ሹራብ እያንዳንዱን በ600 ብር ገዛች፤ 180,000 ብር አወጣች። ከነዚህ 250ውን በ850 ብር ሸጠች፤ 212,500 ብር ገባ። 50 ሹራብ አልጋዋ ሥር ቀርቷል።

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ 212,500 ላይ 180,000 ቀንሶ «32,500 አተረፍሽ» ይላታል። ስህተት ነው። አልጋ ሥር ያሉት 50 ሹራቦች ገና አልተሸጡም፤ ገንዘቧ እዚያ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም። ፓቾሊ ከሁሉ በፊት እቃህን ቁጠር ያለው ለዚህ ነው። የሚቀነሰው የተሸጠው እቃ ዋጋ ብቻ ነው፦ 250 ሲባዛ በ600፣ 150,000 ብር። ከ212,500 ላይ ሲነሳ 62,500 ብር ይቀራል። ይህ ጥቅል ትርፍ ይባላል።

ገና አላለቀም። ለሸካሚ፣ ለትራንስፖርትና ለሞተረኛ 12,000 ብር ከፍላለች። ለፌስታልና ለማሸጊያ 2,500 ብር። ለኢንተርኔት ጥቅል በዓመት 6,000 ብር፤ ግን በዚያው ስልክ ፊልምም ታያለች፣ ከጓደኞቿም ጋር ታወራለች። ስለዚህ ለሥራ የዋለውን ብቻ፣ ግማሹን እንበል፣ 3,000 ብር ትቀንሳለች። ድምሩ 17,500 ብር። ከ62,500 ላይ ሲቀነስ የተጣራው ትርፍ 45,000 ብር ነው።

መልሱ ይኸው፦ «እትዬ፣ 45,000 ብር አተረፍኩ።» ከመርካቶው ባለሱቅ ጋር ልክ እኩል! የእሱ ሽያጭ ግን ከእሷ በእጥፍ ይበልጣል። ሽያጭ አይቶ ትርፍ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እቁብ ነው። በየሳምንቱ የምትጥለው 500 ብር ወጪ አይደለም፣ ቁጠባ ነው። እቁቡ ሲደርሳት የምታገኘውም ትርፍ አይደለም፣ የራሷ ገንዘብ ነው የተመለሰላት። ሁለተኛው ምሳ ነው። መርካቶ ስትሄድ የበላችውን፣ ለወንድሟ የገዛችውን ጫማ፣ ከሽያጩ መዛ ለቤት ኪራይ ያዋጣችውን ከትርፏ ላይ አትቀንስም። ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ስለወጣ ብቻ የንግድ ወጪ አይሆንም።

ግብሩስ? በ979/2008 ልክ ከሆነ 5,370 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ከግብር ነፃ የሆነውን የንግድ ትርፍ ከ7,200 ወደ 24,000 ብር አሳደገው። ከዚያ በላይ እስከ 48,000 ላለው 15 በመቶ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ልክ 21,000 ብሯ ላይ ብቻ 15 በመቶ ተሰልቶ 3,150 ብር ይሆናል። ሦስቱ ደረጃዎችም ሁለት ሆነዋል፤ መለያው 2,000,000 ብር ነው። ከዚያ በታች ያሉት ግብራቸው የሚወሰነው ዓመታዊ ሽያጫቸውን መነሻ አድርጎ በግምት ነው። ልጅቷም «እኔ ሱቅ የለኝም፣ ስልክ ነው ያለኝ» ብላ ከሕጉ አትወጣም፤ የምትሠራው ንግድ ነው።

«ግምት ከሆነ ታዲያ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ያደርግላታል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግምት ማለት አንድ ሰው «በእንደዚህ ዓይነት ሥራ ከመቶ ይህን ያህል ይተርፋል» ብሎ አስቀድሞ ማሰቡ ነው። የራሷን ትርፍ የምታውቅ ልጅ ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን ታውቃለች። የማታውቅ ልጅ ግን ቢበዛባትም ቢያንስላትም የምትለው የላትም። የጎጃሙ ገበሬና የ2009ኙ ባለሱቅ የገጠማቸው ይኸው ነበር።

የሚታየውና የማይታየው ቦታ ሲለዋወጡ

የዛሬው ሻጭ ከድሮው ነጋዴ በአንድ ነገር ይለያል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሽያጭ በቀን፣ በሰዓትና በሳንቲም ተመዝግቦ ይቀመጣል። የልጅቷ ሽያጭ እንደ ድሮው የበቅሎ ጭነት ከሩቅ ይታያል። ወጪዋስ? ለሸካሚው በእጇ ሰጠች። ለሞተረኛው በጥሬው ከፈለች። ሹራቡን ስትገዛ ደግሞ ምናልባት እንዲህ ሆኗል፦

«ጋሼ፣ ደረሰኝ ይስጡኝ።»

«በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይለያል፣ የኔ ልጅ።»

እሷም ዋጋውን አስባ ያለ ደረሰኝ ወሰደች። እዚያው ላይ 150,000 ብር ወጪዋ ከማስረጃ ውጭ ሆነ። አንድ ሰው ነገ ሒሳቧን ቢያይ 212,500 ብር መግባቱን ያያል፤ የወጣውን አያይም። ደረሰኙን ትታ ያተረፈች የመሰላት ልጅ፣ ትርፏን የምታስረዳበትን ወረቀት ነው ትታ የመጣችው።

የደረሰኝ ነገር መርካቶን አሁንም ያስጨንቀዋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደረሰኝ የሌለው እቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተናፍሶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር፤ የከተማው ገቢዎች ቢሮ ወሬው ሐሰት ነው ብሏል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል አባባል አለን። ድሮ «ይወረሳል» ማለት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ማለት ነበር። መርካቶ ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉሙ ቀድሞ ይሰማል፦ ይወሰዳል። ብዙ ነጋዴ መጻፍ የሚፈራው ለዚህ ነው፤ የጻፍኩት በኔው ላይ ይመሰክርብኛል ብሎ ያስባል። ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከላይ ያየነው ታሪክ ያስተማረው ነው። ነገር ግን ታሪኩ ሌላውንም ያሳያል። ያልተጻፈ ነገር ከግብር አላመለጠም። ሌላ ሰው ጻፈው እንጂ።

ልጅቷ የሚያስፈልጋት ትልቅ ነገር አይደለም። ባለ 32 ሉህ ደብተር ይበቃታል። በአንዱ ገጽ የገዛችው፣ በአንዱ የሸጠችው፣ በአንዱ ያወጣችው። በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ደረሰኞቹ። ሰኔ 30 ማታ ደግሞ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ የቀሩትን ሹራቦች ትቆጥራለች። በማግስቱ አክስቷ ቡና አፍልታ ስትጠይቃት፣ ስልኳን ሳይሆን ደብተሯን ነው የምታወጣው።